ግንኙነት አልተገኘም

እትዬ ዘነበች በተቀበሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ በመሃሉ አንድ ውሸት ነበረበት። ቀብሩ ላይ የቆምነው ሁሉ ሰማነው። ውሸት መሆኑን የምናውቀው ግን ሦስት ወይም አራት ሰዎች ብንሆን ነው። ከእነዚህ አንዱ እኔ ነኝ፤ የዓረፍተ ነገሩን መነሻ የጻፍኩት እኔ ነበርኩና።

ያነበበው የኮሌጃችን የምርምር ቢሮ ተወካይ ነው። የትውልድ ቦታቸውን፣ የትምህርት ደረጃቸውንና ያስተማሩባቸውን ዓመታት ካለፈ በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ቅባት የአንጎል ዕጢ መንስኤ መሆኑን በጥናት ያረጋገጡ፣ የከተማችንን ስም ያስጠሩ ተመራማሪ ነበሩ" አለ። ከፊት ከቆሙት ሴቶች መካከል የባለቤታቸው እህት፣ ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ አስካለ ነበሩ። ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ስበው አጠገባቸው ላለችው ሴት፣ "እኔስ ምን አልኩ? ይኸው፣ ራሷም ጥፋቷን አምና ነው የሞተችው" አሉ። ከኋላቸው ቆሜ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ።

ወረቀቱን ከሰውየው እጅ መንጠቅ ነበረብኝ። አልነጠቅኩም። ቀብር ላይ አይጮህም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ራሴን ማሳመን በዚያ ኮሌጅ ውስጥ ከማንም በተሻለ የተካንኩት ሥራ ነው።

ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ማስረዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

ኮሌጁ ውስጥ ስቀጠር ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነበር። የማስተምረው ስታቲስቲክስ ነው። እትዬ ዘነበች ባዮኬሚስትሪ ያስተምሩ ነበር፤ ሃምሳ አምስት ዓመት ተሻግረዋል። አባታቸው በመንግሥት ሥራ ከሸዋ ተዛውረው ሲመጡ በልጅነታቸው አብረው የመጡ፣ ከዚያ ወዲህ ከሐዋሳ ያልወጡ ሰው ናቸው። አጭር ናቸው። ሙቀቱ ሰው በሚያቀልጥበት ወር እንኳ ከነጭ ጋዋናቸው በታች ሹራብ ይለብሳሉ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ የሚያደርጉት ሲያነቡ ሳይሆን ሰው ሲያናግራቸው ነበር። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ብጠይቃቸው፣ ፊደል አይዋሽም፣ ሰው ግን በደንብ መታየት አለበት አሉኝ። ተማሪዎቹ መነጽሩ ከደረት ወደ አፍንጫ መነሳት ሲጀምር ነገራቸውን ያሳጥሩ ነበር።

ባጃጅ ውስጥ ከሦስት ሰው በላይ ከተጫነ ይወርዳሉ። ከሰፈራቸው ከአዲስ ከተማ እስከ ኮሌጁ በር ድረስ፣ ጉልበታቸውን እየታመሙ፣ በእግራቸው ይመጣሉ። ሹፌሮቹ ለምደዋቸው፣ "እማማ ሕግ መጡ፣ አንድ ሰው ውረድ" ይሉ ነበር። እሳቸው ቅጽል ስሙን ወደውት ነበር መሰለኝ፤ ሲሰሙት አንድም ቀን አልተቆጡም። የሚያስቆጣቸው ሌላ ነገር ነው። ያልተጣራ ነገር ነው።

"ዕጣው ንጹሕ ነው?" ይህች የእሳቸው ጥያቄ ነበረች። ከየት እንደመጣች ካልነገርኩ የቀረውም አይገባም።

እትዬ ዘነበች የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ነው። ዕጣ ሲወጣ አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። በዚያ ጉልበት በቀን ሁለት ጊዜ አራት ፎቅ ይወጣሉ። ይህን ደረጃ ወደ ክፍል ይዘውት ገቡ። ተማሪዎቹን፣ አራተኛ ፎቅ መኖር ጉልበት ያሳምማል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አንዱ ተነስቶ፣ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩትንና ምድር ቤት የሚኖሩትን ጠይቀን እናወዳድር ይላል። መነጽሩ ይነሳል።

"ሂድና ጠይቅ። አራተኛ ፎቅ ላይ ጉልበቱን የታመመ ሰው አታገኝም። ለምን? የታመመው ቤቱን አከራይቶ ምድር ቤት ተከራይቷላ። አንተም መጥተህ፣ ደረጃ መውጣት ለጉልበት ፈውስ ነው ብለህ ትጽፋለህ። ጋዜጣም ያወጣልሃል።"

ክፍሉ ይስቃል። እሳቸው አይስቁም። ሰዎቹን አሁን በሚኖሩበት ሳይሆን መጀመሪያ ዕጣ በደረሳቸው ፎቅ ብንከፍላቸው መልሱ ወደ እውነት ይጠጋል፤ ምክንያቱም "ዕጣ ጉልበትህን አያውቀውም" ይላሉ። አንድ ቀን አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ አካል ጉዳተኞች እኮ ያለ ዕጣ ምድር ቤት ይሰጣቸዋል አላቸው። ጠመኔያቸውን ሰጡት። "ና፣ ጻፈው። ዕጣው ንጹሕ ካልሆነ ሒሳቡ በሙሉ ገደል ገባ።" ከኋላ ደግሞ ሌላው በሹክሹክታ፣ የባለሥልጣን ዘመድ የሚደርሰውስ አለ። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለውን ነገር የሚያዳምጥ ጆሮ በየክፍሉ ውስጥ እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እትዬ ዘነበች ወደ ሰሌዳው ዘወር ብለው፣ "እሱንም ጻፈው፣ ሁለት ብለህ" አሉ።

አሁን ወደ ባለቤታቸው ልምጣ። አቶ ግርማ መሬት ቀያሽ ነበሩ፤ እኔ አላየኋቸውም። ራስ ምታት ጀመራቸው፣ ከዚያ ቃላት ጠፋባቸው። አዲስ አበባ ተወስደው ሲታዩ የአንጎል ዕጢ ሆኖ ተገኘ። ዓመት አልቆዩም። ሆስፒታል ተኝተው ደማቸው ሲመረመር ቅባት በዝቶ ተገኝቶ ነበር፤ አንድ የጤና ባለሙያ ወረቀቱን እያየ ቅባት ሳያበዙ አልቀሩም የሚል ቃል ጣለ። ይህች ቃል በቂ ነበረች። ለቅሶው ላይ እትዬ አስካለ በሰው ፊት ደረታቸውን እየመቱ፣ ወንድሜን በቅባት ገደለችው አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች አልተነጋገሩም። ሰፈሩ ግን ተነጋገረ። እትዬ ዘነበች ሰው ቤት ሲጋበዙ ሴቶቹ ሳህናቸውንና የእሳቸውን እጅ ያያሉ።

አንድ ቀን ለእትዬ አስካለ ለምን እንደማይመልሱላቸው ጠየቅኳቸው። መልስ ማጣት ስለማያውቁ ገርሞኝ ነበር። ጋዋናቸውን እያጠፉ፣ "መልስ አጥቼ አይምሰልህ፣ ልጄ። አንድ መልስ አለኝ። እሱን ብናገር ግን አስካለ ትሞታለች። ስለዚህ ሌላ መልስ መፈለግ አለብኝ" አሉኝ። ያኔ አልገባኝም።

ሌላውን መልስ ፍለጋ የጀመሩት የኮሌጁ ኢንተርኔት ደህና ፍጥነት ባገኘ ጊዜ ነው። በውጭ አገር የብዙ ሰዎች የዘረ መል መረጃ ተሰብስቦ፣ ማንም ተመራማሪ እንዲጠቀምበት ክፍት ተደርጎ ነበር። አንዱ ክምችት ሰዎች በውርስ ያገኙትን ዘረ መልና በደማቸው ውስጥ የሚገኘውን የንጥረ ነገር መጠን ይዟል። ንጥረ ነገር ስል ሰውነታችን ምግብን ፈጭቶና አቃጥሎ ደም ውስጥ የሚተዋቸውን ጥቃቅን ነገሮች ማለቴ ነው፤ በትምህርቱ ቋንቋ ሜታቦላይት ይባላሉ፤ ቅባቶችና ስኳሮች ከእነሱ መሃል ናቸው። ሌላው ክምችት ደግሞ የአንጎል ዕጢ ያለባቸውንና የሌለባቸውን ሰዎች ዘረ መል ይዟል። ሁለቱን የሚያገናኝ ሒሳብ አለ። ሒሳቡን እንድረዳቸው ወደ እኔ መጡ።

"የግርማ ደም የተቀዳው ከታመመ በኋላ ነው" አሉኝ። በሽታው ደሙን ቀይሮት ይሆናል፣ የሚወስደው መድኃኒትም ቅባት ከፍ ያደርጋል፣ ስለዚህ ያ ወረቀት ምንም አይመሰክርም። ዘረ መል ግን ሌላ ነው። "እናትና አባትህ ሲገናኙ ዕጣ ወጣ። አንዱ በደሙ ቅባት የሚያበዛ ዘረ መል ደረሰው፣ ሌላው አልደረሰውም። ዕጣው ሲወጣ ዕጢ አልነበረም። ቁርጥም አልነበረም። ሚስትም አልነበረችም።" የመጨረሻዋን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። የተለወጠው የእኔ ፊት ነበር፤ ምክንያቱም የሚሠሩት ጥናት ለማን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ነው የገባኝ። ቅባት እውነት ዕጢ የሚያመጣ ከሆነ፣ ቅባት የሚያበዛው ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ዕጢው ይበዛባቸዋል። ካልበዛባቸው ደግሞ እትዬ ዘነበች አንድ ገጽ ጽፈው፣ ያን ገጽ ይዘው ወደ እትዬ አስካለ ቤት ይሄዳሉ። የፈለጉት ያን ብቻ ነው። ዕድገት አልፈለጉም፣ ሽልማት አልፈለጉም።

መረጃውን ማውረድ ወራት ፈጀ። ኢንተርኔቱ የሚፈጥነው ሰው ሳይገባ ስለሆነ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይመጣሉ። ግማሽ ሲወርድ መብራት ይሄዳል፤ እንደገና ከዜሮ። አንድ ጊዜ አብዛኛው ወርዶ ሳለ አንዲት የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ሻይ ማፍያ ልትሰካ ኮምፒውተሩን ነቀለችው። ከዚያ ወዲያ ሶኬቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጠፈ፦ "ይህን የነካ እኔን ነካ። ዘነበች።" ስህተቱን የሠራችውን ሴት ግን አልተቆጡም፤ ቁጭ አድርገው ምን እየወረደ እንደነበር አስረዷት። ሴትየዋ እስከ ዛሬ ዘረ መል ምን እንደሆነ ከአንዳንድ ተማሪዎቼ በተሻለ ትናገራለች።

ውጤቱ ሲወጣ አብረን ነበርን። ብዙ መቶ ንጥረ ነገሮችን አንድ በአንድ ፈተንን። ሰው ሁሉ ቅባት እያለ የሚጠራቸው፣ በተራ የደም ምርመራ የሚለኩት፣ ከአንጎል ዕጢ ጋር ግንኙነት አልታየባቸውም። አንድ ስሙ ረጅም የሆነ የቅባት አሲድ ደካማ ምልክት አሳየ። እትዬ ዘነበች ለዚህኛው ትከሻቸውን ሰበቁ። ብዙ መቶ ጊዜ ዕጣ ካወጣህ አንድ ጊዜ ስምህ መውጣቱ አይቀርም፤ በሌላ ክምችት እንየው አሉ። በሌላ ክምችት ሲታይ ምልክቱ ጠፋ። ሁለት ነገር ደግሞ በገዛ እጃቸው ጨመሩ። መረጃው የአውሮፓ ሰዎች እንጂ የእኛ ሰው ደም የለበትም፤ የእኛን ደም ቆጥሮ ያስቀመጠው የለም፣ ይህም ያሳፍራል። ሁለተኛ፣ ጥናቱ አንድን ሰው ምን እንደገደለው ሊናገር አይችልም።

ከዚያ አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉ። በእጅ ጽሑፋቸው፣ መስመሩ ሳይዛነፍ። እንዳርመው ሰጡኝና፣ "አስካለ ትገባታለች?" አሉኝ። ሁለት ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮችን በቀይ ከፈልኩላቸው። ገልብጠው ጻፉት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊሄዱ ቀን ቆረጡ። ቀይ እስክሪብቶ የነካውን ረቂቅ እኔ ፋይል ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ወረቀት መጣል አልወድም።

አሁን ወደ እኔ ሥራ መጣሁ። የዲፓርትመንቱን ሪፖርት የምሞላው እኔ ነበርኩ። ሠንጠረዥ ስለምወድ፣ መስመር ስለማስተካክል፣ ለዚህ ሥራ ተመረጥኩ፤ ተደስቼም ነበር። ቅጹ ላይ "የተገኘ ውጤት" የሚል ሳጥን አለ፤ ከጎኑ አፈጻጸሙ በመቶኛ ይሞላል። በእትዬ ዘነበች ስም ትይዩ "ግንኙነት አልተገኘም" ብዬ ጻፍኩ። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ አየና መልሶ አመጣው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የደከመው ሰው ነበር።

"ይህን እንዳለ ከላክን አልተገኘም ስለሚል ዜሮ ነው የሚሞሉልን" አለኝ።

አለመገኘቱ ራሱ ግኝት መሆኑን አስረዳሁት። ቅባትን የሚፈራው ሰው ሁሉ በዚህ እንደሚያርፍ አስረዳሁት። የኮንዶሚኒየሙን ዕጣ ሳይቀር አስረዳሁት። ሰማኝ፣ እውነትህን ነው አለ፣ ከዚያ ጣቱን ሳጥኑ ላይ አድርጎ፣ "እዚህ ጋ የሚጻፍ አንድ እንኳ የተገኘ ነገር የለም?" አለኝ።

ነበረ። ስሙ ረጅም የሆነው የቅባት አሲድ ነበረ። "በደም ውስጥ ከሚገኙ የቅባት ዓይነቶች አንዱ ከአንጎል ዕጢ ጋር ተስፋ ሰጪ ግንኙነት አሳይቷል" ብዬ ጻፍኩ። ሳጥኑ ሞላ። መቶኛው መቶ ሆነ። ሠንጠረዡ አማረ። ያን ቀን ምሳዬን በደስታ በላሁ።

የቀረውን ሌሎች ሠሩት። ሪፖርቱ ወደ ምርምር ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ሲሻገር በየጠረጴዛው ላይ አንድ አንድ ቃል ወደቀበት። "አንዱ" ወደቀ። "ተስፋ ሰጪ" ወደቀ። የምርምር ሳምንት ደርሶ ነበርና ዓርብ ዕለት በኮሌጁ በር ላይ ባነር ተሰቀለ፦ ቅባት ለአንጎል ዕጢ መንስኤ መሆኑ በኮሌጃችን ተመራማሪ ተረጋገጠ። ከሥሩ የእትዬ ዘነበች ስም፣ ከነማዕረጋቸው። ቅዳሜ ጠዋት የከተማው ሬዲዮ አነበበው።

እሳቸው ዓርብ ትምህርት አልነበራቸውም። ቅዳሜ ሬዲዮ አልከፈቱም። እሑድ ገጻቸውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው ወደ እትዬ አስካለ ቤት ሄዱ፤ ቤቱ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው። በሩን አንኳኩ። እትዬ አስካለ በሩን ገርበብ አድርገው፣ "ሬዲዮው ነግሮኛል። ለመናዘዝ ከሆነ ቄስ ዘንድ ሂጂ" ብለው ዘጉባቸው። እትዬ ዘነበች ሬዲዮው ምን እንዳለ የሰሙት መንገድ ላይ ከአንድ ባጃጅ ሹፌር ነው። እንኳን ደስ ያልዎት ብሏቸው።

ሰኞ ጠዋት እኔ በሩ ጋ ስደርስ እትዬ ዘነበች የጥበቃው ወንበር ላይ ቆመዋል። በዚያ ጉልበት። በእጃቸው የላቦራቶሪ መቀስ ይዘዋል። ጥበቃው ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሯል። "እትዬ፣ እኔ ምንም አላየሁም፤ ግራ እግርዎን ብቻ ወደዚህ ያድርጉ" ይላል። የባነሩ አንድ ጫፍ ወርዷል። ሁለተኛውን ሲቆርጡት ባነሩ እላያቸው ላይ ወደቀ፤ ከውስጡ ሲወጡ ጸጉራቸው ተበትኖ፣ መነጽራቸው በክሩ ተንጠልጥሎ ነበር። አዩኝ። መነጽራቸውን አነሱና አፍንጫቸው ላይ አደረጉት። እኔም ዓይኔን መሬት ላይ አደረግኩ።

በዚያው ሳምንት ግምገማ ተጠራ። የዚያን ዘመን ግምገማ ለማያውቅ ላስረዳ፦ ሠራተኛው ሁሉ ይሰበሰባል፣ ተገምጋሚው ይቆማል፣ የቀረው በየተራ ድክመቱን ይነግረዋል፣ በመጨረሻ ተገምጋሚው ራሱን ሂስ ያደርጋል፣ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ዕድገትም ያስቀራል፣ እንጀራም ያስቀራል። እትዬ ዘነበች ቆሙ። የመንግሥት ንብረት አወደሙ ተባሉ። የኮሌጁን ገጽታ አበላሹ ተባሉ። አንዱ ለውጥ አደናቃፊ አላቸው፤ ሌላው፣ ምን አገናኝቶት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ይህ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ነው አለ። ባነሩ የት እንዳለ ሲጠየቁ ኮምፒውተሩን አልብሼበታለሁ፣ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርጌ፣ አሉ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ዋጠው።

ከዚያ ጥያቄያቸውን አቀረቡ። ሁለት ነገር ነው የጠየቁት፦ ሬዲዮው ያለውን እንዲያስተባብልና ሪፖርቱ እንዲታረም። ሰብሳቢው ሪፖርቱን ገልጦ ወደ እኔ ዞረ። ያዘጋጀኸው አንተ ነህ፣ ዓረፍተ ነገሩ ውሸት ነው ወይስ እውነት ነው አለኝ።

አሁን ደግሜ ደጋግሜ የምመልሰው ጥያቄ ነው። በመንገድ ላይ እመልሰዋለሁ፣ ፊቴን ስታጠብ እመልሰዋለሁ። ያን ቀን ግን የመለስኩት እንዲህ ብዬ ነው፦ "አገላለጹ ሰፋ ያለ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል እንጂ ውሸት ነው ለማለት ያስቸግራል።"

ሰብሳቢው አመሰገነኝ። የእትዬ ዘነበች ነጥብ ዝቅተኛ ሆነ። ራስዎን ሂስ ያድርጉ ሲባሉ፣ "ጥፋቴ እሑድን መጠበቄ ነው" ብለው ተቀመጡ። ከእኔ በቀር ማንም አልገባውም።

ከስብሰባው ስንወጣ ተከተልኳቸው። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። "የጻፍከው ውሸት ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ውሸትን ማስተባበል ይቻላል። አንተ ግን ከእውነቱ መርጠህ፣ ከመቶ አንዱን አንስተህ አስቀመጥክላቸው። ዕጣውን አንተ ነህ ያወጣኸው፣ ልጄ።" እንደ ወትሮው ልጄ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያም በኋላ አብረን ሠራን። ቂም አልያዙብኝም፤ ሥራ ግን አበዙብኝ። ተማሪዎቼ የሚያመጡትን እያንዳንዱን ሠንጠረዥ አምጣ ይሉኝና፣ ባዶ ሳጥን ሳያገኙ ሲቀሩ፣ "ይህ ልጅ ያላገኘው ነገር የለም?" ይላሉ። ለእትዬ አስካለ ሁለት ጊዜ ሰው ላኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመለሰባቸው። ዕድገታቸው ቀረ። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ሲቀራቸው ልባቸው ደከመ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ አራተኛው ፎቅ ሳይደርሱ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሞቱ።

በቀብሩ ማግስት ምርምር ቢሮ ሄድኩ። የሕይወት ታሪኩን ያነበበውን ሰው አገኘሁት። የሚያምር ነገር ከፋይላቸው አውጥቶ እንዳነበበላቸው ነገረኝ፤ ምስጋና የጠበቀ ይመስለኛል። ውሸት መሆኑን፣ መታረም እንዳለበት ነገርኩት። ፋይሉን ገልጦ ዓመተ ምሕረቱን አሳየኝ። የተዘጋ የበጀት ዓመት ሪፖርት አይከፈትም አለኝ። በትሕትና ነው ያለኝ፤ ወንበርም ሰጥቶኝ ነበር። ወንበሩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

በሠልስቱ ረቂቁን ይዤ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ወደ ተተከለው ድንኳን ሄድኩ። እትዬ አስካለ ከሴቶቹ ጋር ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ባነሩ ላይ ያለው ከእኔ እጅ እንደ ወጣ ነገርኳቸው። ከዚያ ገጹን ዝቅ ባለ ድምፅ አነበብኩላቸው። ዕጣውን፣ ፎቁን፣ ደሙን። እትዬ አስካለ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ታዲያ ወንድሜን ምን ገደለው?" አሉኝ።

"አይታወቅም።"

"ይህን ሁሉ ተምራችሁ አይታወቅም?"

"አዎ። ቅባቱ ነው የሚያሰኝ ነገር ግን አልተገኘም። እሳቸው እንዲነግሩዎት የፈለጉት ይህንን ነው።"

ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ ለእኔም ለማንም ባልሆነ ድምፅ፣ "ቅቤውን የምልክለት እኔ ነበርኩ" አሉ። "በየአሥራ አምስት ቀኑ። ለጋውን እየመረጥኩ። እሷ እንኳ ይበዛበታል ትለኝ ነበር።"

የዚያን ጊዜ ገባኝ። አስካለ ትሞታለች ያሉት መልስ ይህ ነበር። ቅቤው ያንቺ ነው ብለው አንድ ቃል ቢናገሩ ከዚያች የለቅሶ ቀን ጀምሮ ነጻ ነበሩ። ሰፈሩ ሳህናቸውን ማየት ያቆም ነበር። አልተናገሩም። ሁለቱንም ነጻ የሚያወጣ መልስ ፍለጋ በጠዋት እየተነሱ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ እየጀመሩ፣ አገኙት። እኔ ደግሞ ባዶ ሳጥን አስጠልቶኝ ቀማኋቸው።

እትዬ አስካለ እጄን ያዙኝ። መያዛቸው የማጽናናት አልነበረም፤ ክንዴን አሳመሙኝ። "ተነስ። ያኛው በሰው ፊት አይደል የተነበበው? ይህም በሰው ፊት ይነበብ" አሉኝ።

ተነሳሁ። ድንኳኑ ውስጥ የኮሌጁ ሰዎች ነበሩ፤ ኃላፊው ነበረ፣ የምርምር ቢሮው ተወካይ ነበረ፣ ጥበቃውም በር ላይ ቆሟል። ጨዋታው እስኪበርድ ጠበቅኩ። የዓረፍተ ነገሩ ደራሲ እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ገጹን ከላይ እስከ ታች፣ በቀይ የከፈልኳቸውን ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ሳይቀር አነበብኩት፤ በመጨረሻው መስመር ላይ፣ "በደም ቅባትና በአንጎል ዕጢ መካከል ግንኙነት አልተገኘም" ይላል።

ተወካዩ ቡናማ ፋይሉን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በቅን ልቦና፣ ሊረዳኝ እንደሚፈልግ ሰው፣ "ታዲያ ምን ተገኘ ልንል ነው?" አለ።

መልስ ልሰጥ ስል እትዬ አስካለ ከኋላዬ ተነሱ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወድቋል።

"አንተ ሰው፣ ጆሮ የለህም? ይኸው እኮ ነው የተገኘው" አሉት።